ኪስ ሞላ ሲል፦ ጥሩ አኩስቲክ ጊታር አመራረጥ

አኩስቲክ ጊታር ድምፁን ከራሱ ሆድ ያወጣል፤ መብራት ጠፋ መጣ ጉዳዩ አይደለም። ክሩ ሲመታ ንዝረቱ በብሪጁ (ክሮቹ ሆዱ ላይ በሚታሰሩበት እንጨት) በኩል ወደ ፊት ለፊቱ ስስ እንጨት ያልፋል፣ እንጨቱ በሆዱ ያለውን አየር ያርገበግባል፣ ድምፁም ከራሱ ከእንጨቱና ከክቡ ቀዳዳ ይወጣል። ክራርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፣ ልዩነቱ በእንጨት ፈንታ ቆዳ መወጠሩ ነው።

ስለዚህ ጊታር ስትገዙ ከሁሉ በፊት የምትገዙት ያንን የፊት እንጨት ነው። ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስድስቱ የብረት ክሮች ደግሞ ተደምረው 70 ኪሎ አካባቢ በሆነ ኃይል ቀን ከሌት ይጎትቱታል። የጊታር ሠሪ ጭንቀት ሁሉ እዚህ ላይ ነው። እንጨቱ ከሳሳ ድምፁ ይፈካል፣ ግን ይጎብጣል። ከወፈረ ለዘመናት ይቆያል፣ ግን ድምፁ ትራስ ውስጥ የተቀበረ ይመስላል። ርካሽ ጊታር የሚሠራ ፋብሪካ ተሰበረብኝ ብሎ የሚመልስ ደንበኛ እንዳይበዛበት ወደ ወፍራሙ ያደላል። ውድ ጊታር የሚሠራ ሰው ግን እያንዳንዱን እንጨት እያጎበጠና እያንኳኳ፣ ሊሳሳ የሚችለውን ያህል ያሳሳዋል። ተጨማሪው ገንዘብ መጀመሪያ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር የእንጨቱ ዓይነት ነው። ዝቅተኛው ጊታር ፊቱም ጀርባውም ኮምፔንሳቶ ነው። ከዚያ ከፍ ያለው ፊቱ ብቻ ወጥ እንጨት ይሆናል፣ ሻጮች «ሶሊድ ቶፕ» የሚሉት ይህንን ነው፤ ጎኑና ጀርባው አሁንም ኮምፔንሳቶ መሆኑን ግን ካልጠየቃችኋቸው አይነግሯችሁም። ሙሉ በሙሉ ወጥ እንጨት የሆነው «ኦል ሶሊድ» ይባላል። በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይዛችሁ ከወጣችሁ ከዚህ በታች አትውረዱ። ፊቱ ወጥ መሆኑን ለማረጋገጥ የቀዳዳውን ጠርዝ ተመልከቱ። የላይኛው የእንጨት መስመር ሳይቋረጥ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ወጥ ነው፣ እንደ ሳንድዊች ተደራርቦ ከታየ ኮምፔንሳቶ ነው።

እዚህ የማወራው ስለ ብረት ክር ጊታር ብቻ ነው። ናይለን ክር ያለው ክላሲካሉ ሌላ መሣሪያ ነው፤ አንገቱ ሰፊ፣ የውስጥ ድጋፉ ቀለል ያለ። የብረት ክር ብታስሩበት ብሪጁን ነቅሎ ይጥለዋል። ይህን ያደረገ ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን አልጠራም፣ እኔ ራሴ ነኝ።

አሁን ስለ ሠሪዎቹ። የዛሬው የብረት ክር ጊታር መልክ በአብዛኛው የተቀረጸው በአንድ ቤተሰብ እጅ ነው። ክርስቲያን ፍሬደሪክ ማርቲን የሚባል ጀርመናዊ አናጺ ከማርክኖይኪርሸን ተነስቶ 1833 ላይ ኒውዮርክ ሱቅ ከፈተ። ጥቂት ቆይቶ ወደ ፔንሲልቬንያዋ ናዝሬት ሄደ (የኛዋ አዳማ አይደለችም)፣ ድርጅቱም እስከ ዛሬ እዚያው አለ። በ1840ዎቹ ከፊት እንጨቱ በስተውስጥ ሁለት ዘንጎችን በኤክስ ቅርጽ አጋድሞ መለጠፍ ጀመረ። ያኔ ክሩ ከአንጀት ነበር የሚሠራው። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ የብረት ክር ሲመጣ ያንን ጉልበት የቻለው ይኸው ኤክስ ሆነ። ዛሬም የምታዩት አብዛኛው የብረት ክር ጊታር ውስጡ ኤክስ አለ።

ትልቁ፣ ወገቡ እምብዛም ያልጠበበው ቅርጽ «ድሬድኖት» ይባላል። ስሙ የመጣው 1906 ላይ ከተሠራ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው። ማርቲን ይህን ቅርጽ መጀመሪያ በ1916 ለሌላ ድርጅት ሠራው፣ በራሱ ስም መሸጥ የጀመረው 1931 ላይ ነው። ዲ-18 እና ዲ-28 የሚባሉት ከዚያ ዘመን ጀምሮ የቀጠሉ ሞዴሎች ናቸው። ዲ-18 ጀርባው ማሆጋኒ ነው፣ ዲ-28 ሮዝውድ። ሌላው የአሜሪካ ሠሪ ጊብሰን ደግሞ 1942 ላይ ትከሻው ዘቅዘቅ ያለውን ጄ-45 አወጣ፤ ያኔ በሚሺጋኗ ካላማዙ ይሠራ ነበር፣ አሁን በሞንታናዋ ቦዝማን ነው። ቴይለር ሕፃኑ ነው፦ በ1974 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወጣቶች የጀመሩት ሲሆን፣ ለእጅ በሚመች አንገቱና ጥርት ባለ ድምፁ ነው የታወቀው።

ሦስቱንም ስትሞክሩ ልዩነቱ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ዲ-28 ከታች የሚያጉረመርም ወፍራም ድምፅ አለው። ጄ-45 ደረቅና ሞቅ ያለ ነው፣ ከድምፃዊ ጋር አይጣላም። ቴይለር እያንዳንዱን ክር ለይቶ ያሰማችኋል፤ አንዳንዱ ሰው ይህን ይወድለታል፣ አንዳንዱ ደግሞ «ከመጠን በላይ ታጥቧል» ይላል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ፣ ግን አትመኑኝ።

ዋጋ። ዲ-18፣ ዲ-28 እና ጄ-45 አዲስ ሲገዙ 3 ሺህ ዶላር ዙሪያ ናቸው፣ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ። ከዚያ በላይ እንደ ኮሊንግስ፣ ሳንታ ክሩዝ እና የሰሜን አየርላንዱ ሎውደን ያሉ በትንሽ ቁጥር የሚሠሩ ቤቶች አሉ፣ 5 ሺህና ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ። ሥራቸው ንጹሕ ነው፣ ድምፃቸውም በእውነት ይለያል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከ3 ሺህ በኋላ ገንዘቡ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ በእጥፍ አያድግም። ከ300 ዶላር ወደ 1,500 ስትወጡ ሰማይና ምድር ነው። ከ3 ሺህ ወደ 6 ሺህ ስትወጡ ግን ልዩነቱን የምትሰሙት እናንተ ናችሁ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው አይሰማውም።

የዚህ ጥሩ ምሳሌ ዲ-45 ነው። 1933 ላይ ጂን ኦትሪ የተባለው ዘፋኝ ካውቦይ ማርቲንን ያሸበረቀ ጊታር አዘዘ። ዳር ዳሩ በሚያብለጨልጭ የባሕር ዛጎል ተከቦ ተሠራለት። እስከ 1942 ድረስ 91 ብቻ ነው የተሠሩት፣ ለዚህም ነው የዚያ ዘመኖቹ ዛሬ የቤት ዋጋ የሚያወጡት። የአሁኑ ዲ-45 አዲሱ 10 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። በአካል የዲ-28 ወንድም ነው፤ ከልዩነቱ ትልቁ ድርሻ ዛጎልና የእጅ ሥራ ነው። ውበት ከፈለጋችሁ ምንም ክፋት የለውም፣ ለዓይን ይከፈላል። ለድምፅ ነው የከፈልኩት ብላችሁ ግን ራሳችሁን አትሸውዱ።

ገንዘቡ ካለ ቅድሚያ ስጡ የምለው ለቅርጹና ለአንገቱ ነው። እየገረፋችሁ የምትዘፍኑ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቸርች መዝሙር የምትመሩ ከሆነ፣ ድሬድኖት ይሆናችኋል። ትዝታን ወይም ባቲን እንደ ክራር በጣት የምትደረድሩ ከሆነ ግን ትልቁ ሆድ ያሸንፋችኋል፤ ወፍራሞቹ ክሮች ቀጭኖቹን ይውጧቸዋል። ወገቡ የጠበበው፣ ሆዱ አነስ ያለው ኦኤም የሚባለው ቅርጽ (ማርቲን 1929 ላይ የጀመረው) ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ለስለስ ባለ ጣት እንኳ ይመልሳል። ቁመታችሁ አጭር ከሆነም ትከሻችሁን አያሰቃየውም።

የአንገቱን ስፋት አናቱ ላይ፣ ክሩ በሚያልፍበት አጥንት ጋ ለኩ። 43 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ኮርድ ለመያዝ ይቀላል፤ 44.5 ከሆነ በጣት ለሚጫወት ቦታ ይሰጣል። አንድ ሚሊሜትር ተኩል ምን ያደርጋል ትላላችሁ፣ እጅ ግን ያውቀዋል። የክሩ ርዝመትም አለ፦ ድሬድኖት አብዛኛውን ጊዜ 645 ሚሊሜትር ነው፣ 632 የሆኑ አነስተኛ ጊታሮች አሉ። አጭሩ ላይ ክሩ ለጣት ይለሰልሳል።

ስለ እንጨት ብዙ ወሬ አለ፣ በአጭሩ ልለፈው። ለፊት ስፕሩስ የተለመደው ነው፤ ሲትካ የሚባለው ለሁሉም ይሆናል፣ አዲሮንዳክ የሚባለው በኃይል ሲመታ አይደናገጥም፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሴዳር ለስላሳ ነው፣ ለጣት ጥሩ። ለጀርባ ማሆጋኒ ደረቅና ግልጽ፣ ሮዝውድ ጥልቅና የሚያስተጋባ፣ ሜፕል ድምፁ ቶሎ የሚቆም። አሁን አሁን የፊቱን እንጨት ኦክስጅን በሌለበት ምድጃ አብስለው የሚሸጡም አሉ፣ አዲሱ እንጨት እንደ አሮጌ እንዲደርቅ። እንደ ቡና ቆሉት ማለት ነው። ይሠራል፣ ግን ለእሱ ብቻ ብላችሁ ሌላ ጊታር አትተዉ።

የብራዚል ሮዝውድ የሚባለውን ግን ተጠንቀቁ። ማርቲን እስከ 1969 ድረስ ዲ-28 ላይ ይጠቀምበት ነበር፣ ከዚያ ወደ ሕንዱ ዞረ። ዛፉ ስለተመናመነ ከ1992 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ የተገደበ ነው። ወረቀት የሌለው አሮጌ ጊታር ይዛችሁ ድንበር ስትሻገሩ ጉምሩክ ሊወርሰው ይችላል። የሕንድ ሮዝውድ ያለበት የተጠናቀቀ ጊታር ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ሱቅ ስትገቡ አትቸኩሉ። መጀመሪያ አስቃኙት፣ የተበላሸ ቅኝት ላይ ማንም ጊታር አያምርም። አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ ተመልከቱ፤ የተጣመመ ከሆነ መልሱት። እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት (አንገቱን በሚያቋርጡት የብረት መስመሮች) ላይ አንድ በአንድ ተጫኑ፣ የሚንዘረዘር ካለ ጠይቁ። ክሩ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ያለውን ከፍታ ለኩ፦ ወፍራሙ ክር 2.4 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ቀጭኑ ከ2 በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ከፍ ካለ ባለሙያ ያስተካክለዋል፣ ግን የብሪጁ አጥንት ዝቅ ለማድረግ ትርፍ ሊኖረው ይገባል። ያገለገለ ጊታር ላይ አጥንቱ አልቆ ክሩ አሁንም ከፍ ካለ አንገቱ ተነቅሎ እንደገና መገጠም አለበት ማለት ነው፣ ያ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ከብሪጁ ጀርባ በሥሩ ወረቀት ለማስገባት ሞክሩ፣ ከገባ ብሪጁ እየተነቀለ ነው። ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱ ይጫወት እናንተ ፊት ለፊት ቁሙ። ተጫዋቹ የሚሰማውና አድማጩ የሚሰማው ድምፅ አንድ አይደለም። የዋጋ ወረቀቱን አዙሩት፣ ጆሮ ዋጋ ካየ ይዋሻል።

ከገዛችሁ በኋላ ያለው ጠላት አየር ነው። ወጥ እንጨት እርጥበት ሲያጣ ይሸበሸባል፣ ሲያገኝ ያብጣል። ሠሪዎቹ የሚመክሩት ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ነው። የአዲስ አበባ በጋ ከዚህ በታች ይወርዳል፣ ክረምቱ ከዚህ በላይ ይወጣል። ሚኒሶታ ወይም ዲሲ ያላችሁ ደግሞ በብርዱ ወራት ማሞቂያው ያደርቅባችኋል፤ ዱባይ ያላችሁ ከውጭ ወበቅ ወደ ቤት ኤሲ በገባችሁ ቁጥር ጊታሩ ግራ ይጋባል። እኔ የመጀመሪያውን ጥሩ ጊታሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ለጌጥ አስቀመጥኩት። ጥር ላይ የፍሬቶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ እጄን መቧጠጥ ጀመሩ። የካቲት ላይ ከብሪጁ በታች ፀጉር የመሰለች መስመር ታየችኝ። ስንጥቁን ያየልኝ አናጺ «ይህን በኮላ እይዘዋለሁ፣ አንተን ግን ምን ላድርግህ» አለኝ። ያንን ሁሉ ማዳን የሚችለው የእርጥበት መለኪያ ከ20 ዶላር በታች ነው፤ ከእርጥብ ስፖንጅ ጋር በጠንካራው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ስፖንጁ ውሃ እንዳያንጠባጥብ በደንብ ይጨመቅ፣ በአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ይውጣ።

ወደ አገር ቤት የምታስመጡት ከሆነ ክሩን ትንሽ አላሉት፣ ሙሉ በሙሉ ግን አትፍቱት። ከተቻለ አውሮፕላኑ ውስጥ ይዛችሁ ግቡ፣ አየር መንገዱን ቀድማችሁ ጠይቃችሁ። ወደ አውሮፕላኑ የዕቃ ክፍል የሚገባ ከሆነ በጠንካራ ሳጥን፣ የአንገቱ አናት ዙሪያውን በሸሚዝ ተጠቅልሎ። አብዛኛው ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። ደርሳችሁም ሳጥኑን ወዲያው አትክፈቱት። አንድ ሌሊት ተዘግቶ ይደር፣ ከቤቱ አየር ጋር ቀስ ብሎ ይተዋወቅ።