የሳን ትራፊክ ክትትል፦ መንገዱን የዘጋው ማን ነው?

ጎንደር ፒያሳ ባንክ ተሰልፈን «ሲስተም የለም» ስንባል ሁላችንም የምንረግመው ኢንተርኔቱን ነው። አንዳንዴ ግን ኢንተርኔቱ ምንም አላጠፋም። ችግሩ ከሰርቨሩ ጀርባ፣ ተጠቃሚው ጨርሶ በማያየው ሌላ ኔትወርክ ላይ ሊሆን ይችላል።

ይህ ኔትወርክ ስቶሬጅ ኤሪያ ኔትወርክ፣ ባጭሩ ሳን ይባላል። ሥራው ሰርቨሮችን ከጋራ የዲስክ ማከማቻ ጋር ማገናኘት ነው። ሰርቨሩ ዲስኩ እዚያው ሆዱ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ዲስኩ ግን ሌላ መደርደሪያ ላይ፣ ሲብስም ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ፋይበር ቻናል የሚባል የኔትወርክ ቴክኖሎጂ ነው። ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ። በሰከንድ በ1 ጊጋቢት የታወቀው ፍጥነት ዛሬ 32፣ 64 እና ከዚያም በላይ ደርሷል።

በሳን ላይ ዳታ የሚጓዘው ፍሬም በሚባሉ ጥቅሎች ነው። አንዱ ፍሬም ቢበዛ 2112 ባይት ይጭናል። ላኪውና ተቀባዩ በፍሬሙ ራስ ላይ ባለ 24 ቢት አድራሻ ተጽፈዋል። ክትትሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የፖርት፣ ማለትም የኬብል መሰኪያው፣ ቆጣሪ «በዚህ በኩል ይህን ያህል አለፈ» ይላል እንጂ የማን እንደሆነ አይናገርም። ፍሰትን መከታተል ማለት ግን ከየትኛው ሰርቨር ተነስቶ፣ በየትኛው የስቶሬጅ ፖርት፣ ወደ የትኛው የዲስክ ክፍል እንደሄደ ለይቶ ማየት ነው።

የሚለካውም አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በሰከንድ ስንት ሜጋባይት አለፈ፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ ተነበበና ተጻፈ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ስንት ቆየ? የሌሊት ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሜጋባይቱን ሰማይ ያደርሰዋል፤ ይህ ጤና ነው። የሆስፒታል ካርድ ክፍል ዳታቤዝ በአንጻሩ ትንንሽ ጥያቄ ነው የሚያበዛው። እሱ ላይ መታየት ያለበት የመልሱ ቆይታ ነው። ብዙ ሰው ግራፉ ከፍ ሲል ይደነግጣል። እኔን ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ በሥራ ሰዓት ዝቅ ያለ ግራፍ ነው።

ለምን ቢባል፣ ፋይበር ቻናል ተቀባዩ ቦታ ከሌለው አይልክም። ተቀባዩ ለላኪው ክሬዲት፣ ማለትም የመላኪያ ፈቃድ፣ ይሰጠዋል። አንድ ፍሬም ሲላክ አንድ ክሬዲት ይቀነሳል፣ ቦታ ሲለቀቅ ይመለሳል። ክሬዲቱ ካለቀ ላኪው ቆሞ ይጠብቃል። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ አንድ አይሱዙ መንገድ ላይ ቆሞ ጤፍ እያወረደ ነው እንበል። ከኋላው ያለው ሚኒባስ መንገዱ ወደ አዘዞ ነው፤ ከጤፉ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ግን እሱም ቆሟል። ሳን ላይም እንዲሁ ነው፤ ዳታውን ቶሎ የማይረከብ አንድ ደካማ ሰርቨር በስዊቾች (ኬብሎቹ ተሰክተው ፍሬሞቹን በሚያስተላልፉ መሣሪያዎች) መካከል ያለውን የጋራ መስመር ይዘጋና ጤነኞቹን ያሳግታል። የሚጮኸው ደግሞ የታገተው ነው እንጂ የዘጋው አይደለም። ስለዚህ የሚታየው ክሬዲት አልቆ የተጠበቀበትን ጊዜ የሚቆጥረው ቆጣሪ ነው። በብሮኬድም በሲስኮም ኩባንያ ስዊቾች ላይ ይህ ቆጣሪ አንድ የሚጨምረው ለእያንዳንዱ 2.5 ማይክሮሰከንድ ጥበቃ ነው። ፍሬሙ በጣም ከቆየ፣ ለምሳሌ 500 ሚሊሰከንድ ካለፈው፣ ስዊቹ ይጥለዋል። ያኔ ሰርቨሩ ጥያቄውን እንደገና ለመላክ ይገደዳል።

መሣሪያው ብዙ ነው። አንዳንድ ስዊቾች ፍሰቱን ራሳቸው ይለካሉ፤ የፍሬሞቹን ግልባጭ ወደ ሌላ ፖርት የሚልኩም አሉ። የፋይበሩን ብርሃን ለሁለት የሚከፍል ታፕም አለ፤ ብርሃኑን ስለሚሻማ ኬብሉ ንጹሕ መሆን አለበት።

እኛ አገር ሁለት ነገር ይጨመርበታል። አንደኛው መብራት ነው። ጠፍቶ ስዊቹ ዳግም ሲነሳ ቆጣሪዎቹ ከዜሮ ይጀምራሉ፤ ቁጥሩ በየጊዜው ሌላ ማሽን ላይ ካልተቀመጠ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ደውላ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቀጥ አለ» ትላለች። ስዊቹ ላይ ይህ 9:00 ነው። ስዊቹ በግሪንዊች ሰዓት ከተሞላ ደግሞ 6:00 ይሆናል። ስልኩን ያነሳው ባለሙያ 3:00 ላይ ቢፈልግ የሚያገኘው የሌሊቱን ባክአፕ ነው።