የትምባሆ ጉዳትና የኑሮ ደረጃ፦ ሕግና ፖሊሲ ልዩነቱን የሚያጠቡት መቼ ነው?

ሲጋራ የሚያጨስን ሁሉ ይጎዳል፤ ጉዳቱ ግን እኩል አይደርስም። በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ገደማ የትምባሆ ተጠቃሚዎች አሉ፤ 80 በመቶ ያህሉ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በሀብታሞቹ አገሮችም ቢሆን ሲጋራ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ገቢው ባነሰ፣ ብዙ ባልተማረ ወይም የአእምሮ ሕመም ባለበት ሰው እጅ ነው። ሳያጨሱ የሌላውን ጭስ የሚስቡትም ያው ጠባብ ቤት የሚጋሩት ናቸው።

ነገሩ ድሮ እንዲህ አልነበረም (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1950 አካባቢ ሐኪሙም ሚኒስትሩም የቀን ሠራተኛውም ያጨስ ነበር። በዚያው ዓመት ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል ሲጋራን ከሳንባ ካንሰር ጋር ያያያዘ ጥናት እንግሊዝ ውስጥ አወጡ። በጥር 1964 ደግሞ የአሜሪካው ዋና ሐኪም ሉተር ቴሪ ዝነኛውን ሪፖርት ይፋ አደረጉ። ቀኑ ሆን ተብሎ ቅዳሜ ተደረገ፤ የአክሲዮን ገበያው እንዳይናወጥ። ከዚያ በኋላ ጋዜጣ የሚያነበውና ሐኪም የሚያማክረው ቀስ በቀስ አቆመ፤ ሌላው እዚያው ቀረ። መረጃ ብቻውን ልዩነቱን እንደማይዘጋ፣ እንዲያውም ሊያሰፋው እንደሚችል የታወቀው እንዲህ ነው።

ስለ አሜሪካ ብዙ ማውራት የሚቻለው የትምባሆ ኩባንያዎቹ የውስጥ ደብዳቤዎች በፍርድ ቤት ክርክር ስለወጡ ነው። በ1998 ትልልቆቹ ኩባንያዎች ክሱን ለመቋጨት ለ46 ግዛቶች በ25 ዓመት ውስጥ 206 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማሙ። የሚያሳዝነው፣ አብዛኛው ገንዘብ ለትምባሆ ቁጥጥር ሳይሆን ለሌላ ወጪ ዋለ።

ከታሪኮቹ ሁሉ አፕታውን የተባለው ሲጋራ ይለያል። የትምባሆ ኩባንያው አር ጄ ሬይኖልድስ በ1990 መጀመሪያ ፊላደልፊያ ውስጥ ለጥቁር አሜሪካውያን ብሎ ሊሸጠው አዘጋጀው። ብዙ ጥቁር አጫሾች ፓኮውን ከታች በኩል እንደሚከፍቱ ስለተጠና፣ ሲጋራዎቹ ፊልተራቸው ወደ ታች ሆኖ ታሸጉ። እስከዚህ ድረስ አጥንተዋቸዋል! የሰፈሩ ሰዎችና አብያተ ክርስቲያናት ተነሱ፣ የጤና ሚኒስትሩ ሉዊስ ሰሊቫን በአደባባይ ወቀሱ፣ ኩባንያው በማግስቱ ሐሳቡን ሰረዘ።

ሜንቶል፣ ማለትም የናና ዓይነት ጣዕም የሚጨመርበት ሲጋራ፣ ግን ከገበያ አልወጣም። ጉሮሮን ስለሚያቀዘቅዝ ጭሱ አይከረክርም፤ ለጀማሪ ይቀላል። አሜሪካ ውስጥ ከአሥር ጥቁር አጫሾች ስምንት ያህሉ የሚያጨሱት እሱን ነው። በ2009 የወጣው ሕግ ሌሎቹን ጣዕሞች ከሲጋራ ሲያግድ ሜንቶልን ለብቻው አለፈው። ካናዳ በ2017፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2020 አገዱት። አሜሪካ በ2022 የእገዳ ሐሳብ አቀረበች፣ በጥር 2025 ግን ሐሳቡን ሰረዘችው። እገዳውን የሚቃወሙ ለፖሊስ ሌላ ሰበብ ይሰጣል ይላሉ፤ በ2014 ኒው ዮርክ ውስጥ ኤሪክ ጋርነር በፖሊስ እጅ የሞተው ሲጋራ በፍሬ ትሸጣለህ ተብሎ ሲያዝ ነበርና ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሆኖም የቀረበው እገዳ ያነጣጠረው በአምራችና በሻጭ ላይ እንጂ በአጫሹ ላይ አልነበረም።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ግብርን የሚያህል የለም። ዋጋ በ10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታ በሀብታም አገሮች በ4 በመቶ፣ በሌሎቹ በ5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ኪሱ የሳሳ ሰው ቶሎ ይተዋል ማለት ነው። ያልተወውስ? ከጉሮሮው ነጥቆ ይከፍላል። ድሃን መቅጣት ነው የሚለው ቅሬታ ከዚህ ይመጣል፤ ልክ የሚሆነውም ግብሩ ብቻውን ሲጣል ነው። የአሜሪካዋ ግዛት ማሳቹሴትስ በ2006 በመንግሥት የጤና መድን ለሚታከሙ ድሆች የማቆሚያ መድኃኒትና ምክር እንዲሸፈን አደረገች። በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ ከእነሱ መካከል የአጫሾች ድርሻ ከ38 ወደ 28 በመቶ ወረደ። ማቆም አይፈልጉም ሲባሉ የኖሩት ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

ሌሎች አገሮችም ሠርተዋል። አየርላንድ በ2004 መጠጥ ቤትን ጨምሮ በሥራ ቦታ ማጨስን ከለከለች፤ አስተናጋጁም እንደ ቢሮ ሠራተኛው ንጹሕ አየር አገኘ። አውስትራሊያ በ2012 ፓኮውን አንድ ዓይነት ደብዛዛ ቀለም አለበሰችው። ኒውዚላንድ ከ2009 መጀመሪያ ወዲህ ለተወለደ ሰው ሲጋራ እንዳይሸጥ በ2022 ሕግ አወጣች፤ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የማኦሪዎች የማጨስ መጠን ከሌላው ሕዝብ እጅግ ስለሚበልጥ ብዙ የሚጠቀሙት እነሱ ነበሩ። ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል በ2024 ተሻረ።

ከእነዚህ እርምጃዎች ብዙዎቹ የተሰባሰቡት የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ኮንቬንሽን በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ነው። በ2003 ጸደቀ፣ በ2005 ሥራ ላይ ዋለ፣ ዛሬ 183 አባላት አሉት። ብዙ የማይወራለት አንቀጽ 17 ስለ ገበሬው ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ እንዲያገኝ ይደግፋል። ጠዋት ጤዛ ያረገዘ የትምባሆ ቅጠል የሚለቅም ሰው ሸሚዙ ይረጥባል፣ ኒኮቲኑ በቆዳው ይገባል፣ ማጥወልወልና ማስታወክ ይጀምረዋል። ሲጋራ በአፉ ዞሮ የማያውቅም ቢሆን።