የሞተር ዘይት አዲቲቭ ምንድን ነው?

አዲቲቭ የሚባለው ከመነሻው ዘይት ጋር የሚቀመም ኬሚካል ነው። እንደ ዘይቱ ዓይነት ከ10 እስከ 25 በመቶ ይይዛል፤ ቀሪው መነሻ ዘይት ነው።

ሞተር ሲሠራ ክራንክሻፍቱ (የፒስተኖቹን ምልልስ ወደ መዞር የሚለውጠው ዘንግ) በዘይት ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል፤ ብረት ብረትን አይነካም። እዚያ ሰበቃውን የሚወስነው የዘይቱ ውፍረት ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ፣ ቫልቭ የሚያስከፍተው ካምም ከሥሩ ያለውን ታፔት ሲጫን ንጣፉ ይሳሳና ብረቶቹ ይነካካሉ።

ለዚህ የሚደርሰው ዜድዲዲፒ (ZDDP) የሚባለው አዲቲቭ ነው። ዚንክ፣ ፎስፈረስና ድኝ አለበት። በሙቀትና በጫና ይፈርስና ብረቱ ላይ 100 ናኖሜትር ገደማ የሚወፍር፣ መስታወት መሰል የፎስፌት ሽፋን ይሠራል። ብረቱ ከመበላት የሚተርፈው ሽፋኑ በእሱ ፋንታ ስለሚበላ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ መበላትን መከላከልና ሰበቃን መቀነስ አንድ አይደሉም። ሽፋኑ ሸካራ ስለሆነ ሰበቃን እንዲያውም ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ሰበቃውን የሚያወርደው የሞሊብዲነም ውህድ ነው። ብረቶቹ በሚፋተጉበት ትኩስ ቦታ ላይ ይፈርስና ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ይሆናል፤ ንብርብሮቹ እንደ መጫወቻ ካርታ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታሉ። የሰበቃ ኮኤፊሸንቱ (ሰበቃው ለጫናው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) ከ0.1 ገደማ ወደ 0.05 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ከዜድዲዲፒ ጋር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል፤ አንዱ ብረቱን ሲሸፍን ሌላው ሽፋኑን ያለሰልሳል።

ታዲያ ሁሉም ለአንድ የብረት ገጽ ነው የሚሻሙት። አሲድ የሚያመክነው የካልሲየም ዲተርጀንት ከገጹ ላይ ቦታ ይይዛል። ጥላሸቱን በትኖ የሚያቆየው ዲስፐርሳንትም ከዜድዲዲፒ ጋር እየተሳሰረ ሥራውን ሊያዘገይ ይችላል። እንተዋቸው ቢባል ግን አሲዱ ብረቱን ይበላል፣ ጥላሸቱም ያንን ሽፋን ይፍቀዋል። ዘይቱን ከኦክሲጅን የሚጠብቀው አንቲኦክሲዳንትም በጎን ይጠቅማል፤ ዘይቱ በኦክሲጅን እየተቃጠለ ሲያረጅ ሞሊብዲነሙም አብሮ ያልቃል። በአሮጌ ዘይት ላይ የሰበቃው ቅናሽ የሚጠፋው በዚህ ነው።

ስለዚህ ለብቻው በጠርሙስ የሚሸጥ አዲቲቭ በተቀመመ ዘይት ላይ መጨመር ሚዛኑን ሊያፋልስ ይችላል። ዜድዲዲፒን ማብዛትም መፍትሔ አይደለም፤ ፎስፈረሱ ከጭሱ ጋር ወጥቶ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያዳክማል። ኤፒአይ ኤስፒ (API SP) በተባለው የአሜሪካ የዘይት ደረጃ፣ 0ደብሊው-20 እና 5ደብሊው-30 ውፍረት ላላቸው ዘይቶች ፎስፈረስ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ የተገደበውም ለዚህ ነው።

ሞተር ሳይክል ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የብዙዎቹ ፍሪሲዮን እዚያው ዘይት ውስጥ ስለተዘፈቀ ሰበቃው መኖር አለበት፤ አለዚያ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ለነዚህ ጣሳው ላይ ጃሶ (JASO፣ የጃፓን ደረጃ) ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል ይፈለጋል። ጃሶ ኤምቢ ሰበቃው ዝቅ ያለ ስለሆነ ፍሪሲዮናቸው ከዘይቱ ውጭ ለሆነ ስኩተሮች ነው።