«ድሪቶ ነው፤ ታዲያ ምን ይሁን?»፦ በእጅ ስለሚሰፋ ብርድ ልብስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ወልዳ ልጠይቃት ስሄድ፣ በእጄ የሰፋሁትን ትንሽ ብርድ ልብስ ይዤ ገባሁ። ከጠያቂዎቹ አንዷ ጫፉን በሁለት ጣቷ ብድግ አድርጋ «ውይ፣ ይህ ድሪቶ አይደለም እንዴ?» ስትል ቤቱ በሳቅ ሞላ። አራሷ አፈረች። እኔ ግን አልተከፋሁም፤ ሴትዮዋ ልክ ነበረች። ብጣሽ ጨርቆች ተገጣጥመው ፊት ይሆናሉ፣ ከሥራቸው ባዘቶ ይነጠፋል፣ ከባዘቶው ሥር ገበር ይገባል፣ ከዚያም ሦስቱ አብረው በመርፌ እየተወጉ አንድ ልብስ ይወጣቸዋል። አማርኛ ይህን ነገር ድሪቶ ብሎ ከሰየመው ቆይቷል። ያስቸገረን ስሙ ላይ የተለጠፈው ንቀት ነው። ጅማ ውስጥ ለዘመድ ወዳጅም ለተቸገረም ብዬ መስፋት ከጀመርኩ ወዲህ ከሰማኋቸው አባባሎች ጥቂቶቹ እነሆ፤ አንዳንዶቹን እኔም አምን ነበር።

«ድሪቶ ያጣ ሰው ልብስ ነው»

ለብዙ ሰው እንዲያ ነበር፤ የሚካድ አይደለም። ልብስ ሲነትብ እራፊ ይጣፍበታል፣ እራፊው ላይ ሌላ እራፊ ይደረባል፣ በመጨረሻ የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደነበር አይታወቅም። ነገር ግን የለበሰው ያጣ ሰው ብቻ አልነበረም። ዓለም በቃን ያሉ ባሕታውያን ወደውና ፈቅደው ለብሰውታል። በእስልምና በሱፊዎች ዘንድም የተጣጣፈ ካባ ሀብትን የመናቅ ምልክት ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1889 እ.ኤ.አ. መተማ ላይ የገጠሟቸው ድርቡሾች የሚለብሱት ጂባም እራፊ የተጣፈበት ነው። መጀመሪያ የድህነትና የትሕትና ምልክት የነበረው ያ እራፊ፣ ውሎ አድሮ ግራና ቀኙ ተመዝኖ፣ ቀለሙ ተመርጦ የሚሰፋ የጦር ልብስ ጌጥ ሆነ።

ራቅ ያለ ምሳሌ ለሚፈልግም አለ። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ የምትባል የገጠር መንደር አለች፤ ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት ጥጥ ሲለቅሙ የኖሩ ጥቁር ሴቶች፣ ልጆቻቸውን ብርድ እንዳይመታቸው ካረጀ የሥራ ሱሪና ከጆንያ ብርድ ልብስ ይሰፉባት ነበር። እነዚያ ብርድ ልብሶች በ2002 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሪቱ ፖስታ ቤት ቴምብር አድርጎ አተማቸው። ጉልበቱ የነጣው የሥራ ሱሪ እንዳለ ሙዚየም ገባ።

እኔ ሙዚየም አላስገባም፤ ከእነዚያ ሴቶች የተማርኩት ግን አንድ ነገር አለ። ጠቆር ያለውንና ፈካ ያለውን ብጣሽ በሁለት ክምር ለይቼ እያፈራረቅኩ እገጥማለሁ። ሰው ድሪቶ አይቶ ዓይኑ የሚደክመው ቀለሙ ሁሉ እኩል ሲጮህበት ነው።

«ከብጣሽ ስለሚሠራ ወጪ የለውም»

ሄርማታ ገበያ በረንዳ ላይ ማሽናቸውን የዘረጉ ልብስ ሰፊዎች ብጣሻቸውን በከረጢት ያጠራቅማሉ፤ ቀረብ ብሎ አንድ ስኒ ቡና የጋበዘ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ነፃው ነገር እዚያ ላይ ያበቃል።

ለሕፃን የሚሆን 90 በ110 ሴንቲ ሜትር ብርድ ልብስ እናስላ። ብጣሹ 12 በ12 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሲቆረጥ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ስፌት ውስጥ ስለሚገባ 10 በ10 ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ረድፍ 9፣ ወደ ታች 11፣ በጠቅላላው 99 ቁራጭ ይፈለጋል። ገበሩና ባዘቶው በየጎኑ ትርፍ ኖሯቸው 100 በ120 ይሆናሉ፤ እነሱና ክሩ በገንዘብ ይገዛሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ወጪ ግን ጊዜ ነው። የመጀመሪያዬን ከእራት በኋላ በምትተርፈኝ ሰዓት በሰባት ሳምንት ጨረስኩት። ለአዋቂ ሰው 150 በ200 ሲሆን 300 ቁራጭ ይወስዳል። በሕይወቴ ሁለት ሠርቻለሁ፤ ሁለተኛውን ስጨርስ ደግሜ እንደማልሠራ ምያለሁ፣ ሦስተኛውን አሁን ጀምሬዋለሁ።

ሌላም ጣጣ አለ፤ ከልብስ ሰፊ የመጣ ብጣሽ ሁሉ ጥጥ አይደለም። ለመለየት ጥቂት ክር መዝዞ በብረት ሰሃን ላይ በክብሪት ማቃጠል ይበቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸትና ለስላሳ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም ጠጣር ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ቡና በከሰል በሚፈላበት ቤት ይህ ተራ ልዩነት አይደለም፤ የቀለጠ ፖሊስተር ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ለሕፃንና ለሽማግሌ የምሰፋው ጥጥ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው።

«ቀይ ጨርቅ በጨው ውሃ ከተነከረ አይለቅም»

ይህን አምኜ ተቃጥያለሁ። ለእህቴ ሠርግ የሰፋሁት ነጭና ቀይ ብርድ ልብስ፣ ቀዩ ሌሊቱን ሙሉ ጨው ውስጥ አድሮ እንኳ፣ በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ሁሉ ሮዝ አደረገው። እህቴ እስከ ዛሬ «ሮዝ ነው ያዘዝኩት» ትላለች።

ጨው ማቅለሚያ ቤት ሥራ አለው፤ ጨርቁ ቀለሙን ሲጠጣ ያግዘዋል። ተቀልሞ ገበያ የወጣን ጥጥ ግን ቀለሙን ቆልፎ አይዝለትም። ኮምጣጤም እንደዚያው ነው፤ እሱ የሚረዳው ሱፍና ሐር ሲቀለሙ ነው። የሚሠራው ዘዴ አሰልቺ ነው፦ ከመቁረጥ በፊት ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ ውሃው ጥርት እስኪል መደጋገም፣ ከዚያ እርጥብ ነጭ ጨርቅ በላዩ ማሸት። አሁንም ነጩን ካቀለመው ያ ጨርቅ ለወለል መወልወያ ይሁን። ቀድሞ ማጠብ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፣ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ሲሰበሰብ ደግሞ ስፌቱን ያጨማድደዋል።

«ማሽን የሌለው አይሞክረው»

መርፌ፣ ክር፣ መቀስና ማስመሪያ ይበቃል። በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ያለው ሰው እድለኛ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ይሰፋል።

«ወፍራም በሆነ ቁጥር ይሞቃል»

ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚያሞቀን በንብርብሮቹ መካከል የተያዘው አየር ነው። ባዘቶም በደንብ ሲነደፍ አየር ያቅፋል፤ ብዙ ታጭቆ ከተጨቆነ አየሩ ይወጣና ክብደቱ ብቻ ይቀራል። መርፌውም ወፍራም ባዘቶ ውስጥ ስለማያልፍ፣ ሰፊው ሳይወድ በግድ ስፌቱን ያራርቃል። ጥፋቱ የሚመጣው ያኔ ነው። በቤት ውስጥ የተነደፈ ባዘቶ በሦስት ጣት ስፋት ገደማ እየተጠጋጋ ካልተወጋ፣ ሁለተኛው እጥበት ላይ ተጠቅልሎ ወደ ጥግ ይሸሻል። የለበሰው ሰው ራስጌው ላይ ቋጠሮ፣ ሆዱ ላይ ባዶ ጨርቅ ያገኛል።

ጅማ ላይ ደግሞ የዝናቡ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል፣ ያውም ብዙ ወራት ተከታትሎ። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ሲረጥብ ሙቀት መያዙን ይተዋል፣ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ነሐሴ ውስጥ ለቀናት አይደርቅም። ሰዎች ርካሽ ነው ብለው የሚሞሉት የስፖንጅ ፍርፋሪ ከዚህም ይብሳል፤ ውኃውን ይዞ ይቆይና ሲደርቅ ይፈረፍራል። ስስ ባዘቶ፣ ወይም በባዘቶው ፈንታ መሃል የሚገባ፣ ታጥቦ የተስተካከለ አሮጌ ብርድ ልብስ ይሻላል። ያለቀውንም በፕላስቲክ ከረጢት አስሮ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ ትንሽ እርጥበት ይዞ ከታሰረ ሲፈታ ሻግቶ ይገኛል። በአቡጀዲ ከረጢት ውስጥ ይተነፍሳል።

«ለአራስ ልጅ ከዚህ የተሻለ መኝታ የለም»

ስጦታነቱን እቀበላለሁ፣ መኝታነቱን ግን አልቀበልም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 እ.ኤ.አ. ባደሰው መመሪያ፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በሚተኛበት ቦታ ልቅ ብርድ ልብስም ድሪቶም እንዳይኖር ይመክራል፤ ፊቱ ላይ ሲወጣ ራሱ ገፍቶ ማውረድ አይችልምና። ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም ክብደቱ ላነሰ ሕፃን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያዘው፣ ከተወለደ ጀምሮ ገላውን ከእናቱ ገላ ጋር አገናኝቶ ደረቷ ላይ ማቀፍ ነው። የትኛውም ስፌት ይህን አይተካም።

ስለዚህ ለአራሷ ስሰጥ ቃል በቃል እናገራለሁ፦ ልጁ ነቅቶ በሆዱ ሲንፈራገጥ ወለል ላይ ይነጠፍለት፣ ዓመት ሲሞላው ይልበሰው። አንዳንድ አያቶች ይቆጡኛል። «አንቺ ከሐኪም ታውቂያለሽ?» ያሉኝ አሉ፤ ሐኪሙ ያለውን ነው የምደግመው እላቸዋለሁ። አዝራርና ዶቃም አልሰፋበትም፣ አፉ ውስጥ ይገባልና።

«ለተቸገረ ሰው የተገኘው ይበቃዋል»

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ የሚያናድደኝም ራሴ ስለፈጸምኩት ነው። አንድ ጊዜ ከጎረቤቶቼ ጋር ስምንት ብርድ ልብስ ሰፍተን አረጋውያን ወደሚጦሩበት ቤት ወሰድን። ሳንጠይቅ ነበር የሰፋነው። ሁሉም 90 በ110 ነበሩ፤ መስፋት የለመድነው ያንን ነው። አንድ ሽማግሌ ተቀብለው መረቁንና እግራቸው ላይ ጣል አደረጉት፤ ጉልበታቸው ላይ ቀረ። ተንከባካቢዋ ከበር ውጭ ቀስ ብላ ነገረችን፦ የሚያስፈልጋቸው ትልቅ፣ ገበሩ ጠቆር ያለ፣ በፈላ ውሃ ታጥቦ የማይበላሽ ነው። አስቀድመን ጠይቀን ቢሆን በዚያው ጨርቅ ሁለት ደህና ብርድ ልብስ ይወጣን ነበር።

ሰደቃም ይሁን ምጽዋት፣ ራሳችን የማንተኛበትን ነገር «ለእነሱ» ብለን መስፋት ከጥፋቱ ሁሉ ይከፋል። እኔ አሁን ያለቀውን አንድ ሌሊት ራሴ ለብሼው አድራለሁ። የሚኮሰኩስ ስፌት፣ የተረሳ ስፒል፣ ያልተነደፈ ጉብታ ሌሊት ይገኛል። ከዚያ ታጥቦ ይሄዳል። ውጭ ለሚያድሩ ሰዎች ሲሆን ስስ፣ ጠቆር ያለ፣ ሲጠቀለል የሚታሰርበት ገመድ ጫፉ ላይ የተሰፋለት ይሁን፤ ቀን ቀን ተሸክመውት ይዞራሉና። ፊቱ ላይ «በእገሌ ማኅበር የተለገሰ» ብሎ መጥለፍ ደግሞ ይቅር። ሰው ተረጂነቱን ለብሶ አይተኛም።

«የሟች ልብስ ተቆርጦ አይሰፋም፤ ሐዘን ይጠራል»

የሟች ልብስ ለነዳያን መስጠት ደግ ባህል ነው፤ አብዛኛው ይሰጥ። ሁለት ሦስት ማስቀረት ግን ሐዘን አይጠራም። በኦክቶበር 11 ቀን 1987 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ከተማ መሃል ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ፣ በኤድስ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ የተሰፉ 1,920 ጨርቆች ተነጠፉ። እያንዳንዳቸው 90 በ180 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የመቃብር ልክ ናቸው፤ ሰፊዎቹም ብዙ ጊዜ የሟቹን ልብስ ሰፍተውባቸዋል። ዛሬ ቁጥራቸው 50,000 ገደማ ነው።

አንዲት የሰፈራችን ሴት ባሏ ባረፈ በዓመቱ ሁለት ሸሚዝና አንድ ጋቢ በፌስታል አምጥታ «ለልጆቹ አንድ ነገር አድርጊልኝ» አለችኝ። ጋቢው በጣም ነትቦ ስለነበር ከሥሩ አቡጀዲ ወስውሼ አጠነከርኩት። ሸሚዞቹን ስቆርጥ መቀሱ እጄ ላይ ከበደኝ። የደረት ኪሱን ሳልፈታ ከነኪሱ ቆርጬ መሃል ላይ ገጠምኩት። ታናሹ ልጅ አሁን እስክሪብቶውን የሚያስቀምጠው እዚያ ኪስ ውስጥ ነው፤ እናቱ ቀለም ነካው እያለች ትቆጣዋለች። ጥጥ ነው፣ ይታጠባል አልኳት።