ለምርምር የሚዘጋጅ የፒሉስ ፕሮቲን፦ የፊምኤች አብነት

ፒሉስ ከበርካታ ባክቴሪያዎች ገላ ላይ የሚወጣ ፀጉር መሰል የፕሮቲን ክር ነው። በስፋት ከተጠኑት አንዱ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ የሚያበቅለው ዓይነት 1 ፒሉስ ሲሆን፣ ዘንጉ እርስ በርስ ተያይዘው ከተጠመጠሙ የፊምኤ ፕሮቲኖች የተሠራ ነው፤ በጫፉ ላይ ደግሞ ፊምኤች የተባለ መጣበቂያ ፕሮቲን አለ። ፊምኤች በሽንት ፊኛ ሕዋሳት ላይ የሚገኘውን ማኖስ የተባለ ስኳር ስለሚይዝ፣ ባክቴሪያው በሽንት ፍሰት ሳይታጠብ ኢንፌክሽን ለማስከተል ይችላል። ለክትባትና መጣበቅን ለሚከለክሉ መድኃኒቶች የሚደረገው ጥናት ይህን ፕሮቲን ለብቻው፣ በንጹሕና በበቂ መጠን ይፈልገዋል።

ከባዱ ነገር ፊምኤች ብቻውን መቆም አለመቻሉ ነው። የፊተኛው ክፍሉ ማኖስን ሲይዝ፣ ከፒሉሱ ጋር የሚያያይዘው የኋለኛው ክፍሉ ግን ቅርጹን የሚያሟላለት አንድ ፈትል ይጎድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ የሆነው የክሪስታል ምስል እንዳሳየው፣ ፊምሲ የተባለው አጋዥ ፕሮቲን የራሱን ፈትል በክፍተቱ ውስጥ አስገብቶ ጉድለቱን ይሸፍንለታል፤ ፒሉሱ ሲገጣጠም ደግሞ ጎረቤቱ ፊምጂ ቦታውን ይረከባል። ስለዚህ የሙሉው ፊምኤች ዘረመል ያለ ረዳት ወደ አምራች ባክቴሪያ ቢገባ፣ ፕሮቲኑ ይጓጉላል ወይም በኢንዛይሞች ተቆራርጦ ይጠፋል። ተመራማሪዎች ፊምሲን አብረው ያስመርታሉ፣ የፊምጂን አጭር ፈትል ያቀርቡለታል፣ አለዚያም ራሱን ችሎ የሚታጠፈውን የፊተኛውን ክፍል ብቻ ያዘጋጃሉ።

ምርቱ በሁለቱ የባክቴሪያ ሽፋኖች መካከል ባለው ፔሪፕላዝም ውስጥ እንዲከማች የሚደረገው፣ የፊተኛው ክፍል ቅርጹን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው የዳይሰልፋይድ ትስስር (በሁለት የሰልፈር አቶሞች መካከል የሚፈጠር ትስስር) በዚያ ስለሚፈጠር ነው። እዚህ ላይ በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ የፕሮቲኑ ሰንሰለት መነሻ የሆነው ፊኒልአላኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ራሱ ማኖስን በመያዝ ሥራ ይሳተፋል። ፕሮቲኑን ወደ ፔሪፕላዝም የሚመራው የመነሻ ቅጥያ በትክክለኛው ቦታ ካልተቆረጠ፣ ወይም ለማጥሪያ የሚያገለግሉት ሂስቲዲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች በመነሻው ላይ ከተቀጠሉ፣ የሚገኘው ፕሮቲን ንጹሕ ሆኖ ስኳሩን ላይዝ ይችላል። ሂስቲዲኖቹ በመጨረሻው ጫፍ መቀጠል ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ሂስቲዲኖቹን ከሚይዘው የኒኬል ማጥሪያ ዓምድና ፕሮቲኖችን በመጠን ከሚለይ ዓምድ በኋላ፣ ፕሮቲኖችን ለይቶ በሚያሳይ ጄል ላይ አንድ ጥርት ያለ መስመር መታየቱ የንጽሕና ምልክት እንጂ የብቃት ማረጋገጫ አይደለም። የመነሻውን ትክክለኛነት በማስ ስፔክትሮሜትሪ (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ)፣ መታጠፉን በሰርኩላር ዳይክሮይዝም (የፕሮቲን ቅርጽን በብርሃን የሚያሳይ ዘዴ) ማየት ያስፈልጋል፤ ለሕዋስና ለእንስሳት ሙከራ የሚውለው ደግሞ ከኢንዶቶክሲን (ከባክቴሪያው ሽፋን ከሚመጣ መርዝ) መጽዳት አለበት። ወሳኙ ግን ስኳሩን የመያዝ ፈተና ነው። ፒሉስ ያለው ባክቴሪያ የእርሾ ሕዋሳትን ያጓጉላል፤ የተነጠለው ፊምኤች ግን መያዣው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለት ሕዋሳትን ሊያገናኝ አይችልም፣ በዚህ ፈተና አለማጓጎሉም ሥራ እንደማይሠራ ተደርጎ መቆጠር የለበትም። መያዙ በቀጥታ ይለካል፤ ቦታውን የሚሻማ ሜቲል ማኖሲድ የተባለ የማኖስ ዓይነት ሲጨመር መቀነሱም ይታያል።

ውጤቱ ሲነበብ የትኛው ቅርጽ እንደተመረተ መገለጽ አለበት። ብቻውን የተዘጋጀው የፊተኛው ክፍል ማኖስን አጥብቆ በሚይዝበት ቅርጽ ላይ ሲገኝ፣ በፊምጂ ፈትል የተሟላው ሙሉ ፊምኤች ግን ላላ አድርጎ ይይዛል፤ አጥብቆ የሚይዘው የፍሰት ኃይል ሁለቱን ክፍሎች ሲያራርቃቸው ነው። ስለዚህ በአንዱ ቅርጽ የተገኘ የመያዝ ልኬት ለሌላው ሊያገለግል አይችልም።