ሆስቲንግ ሲሞላ ምን ይሰረዛል፣ ምን አይነካም

ሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጽና ኢሜይል የሚቀመጥበት የኪራይ የሰርቨር ቦታ፣ እየሞላ መሆኑን የሚያሳውቀው ኢሜይል ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ይቀራል። ባለቤቱ የሚነቃው ደንበኛ ደውሎ «የላክሁት ኢሜይል ተመለሰብኝ» ሲለው ነው። ፎቶ መጫንም እምቢ ይላል። የድረ ገጽ መሥሪያው ሶፍትዌር የዎርድፕረስ ማሻሻያ መንገድ ላይ ይቀራል። ሲብስ ደግሞ በራስ ድረ ገጽ ሎግ ኢን ማድረግ ያቅታል። ያኔ ሰው ይደነግጣል፤ ደንግጦ የሰረዘ ደግሞ ዲስኩ ከመሙላቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል።

እዚህ የምናወራው በሲፓነል ስለሚተዳደር፣ ብዙ ደንበኞች አንድ ሰርቨር ስለሚጋሩበት የጋራ ሆስቲንግ ነው። ሲፓነል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያለ የሆስቲንግ ማስተዳደሪያ ነው። ትንሽ ድረ ገጽ ያላቸው ድርጅቶችና ማኅበራት በብዛት የሚያገኙት እሱን ነው፤ አብዛኞቹም ዎርድፕረስ ይጭኑበታል።

ሥራው የሚጀምረው ከማየት ነው። የሲፓነል ፋይል ማናጀር ውስጥ ገብቶ ትልቁን ፎልደር በዓይን መፈለግ አያዋጣም። የአብዛኛውን ፎልደር መጠን 4 ኪሎባይት ብሎ ነው የሚያሳየው፤ ውስጡ 5 ጊጋ ቢታጨቅም ያው 4 ነው። እውነቱን የሚናገረው «ዲስክ ዩሴጅ» የሚባለው ገጽ ነው። የቱ ፎልደር ስንት እንደያዘ እዚያ ይታያል። በተጨማሪ የፋይል ማናጀር ሴቲንግ ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ነው። የቆሻሻ መጣያው ራሱ ከተደበቁት አንዱ ነው፤ ሳይጸዳ እስካለ ድረስም ቦታ ይይዛል። ሰርዘው ሰርዘው ቁጥሩ አልቀንስ የሚላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የረሱት እሱን ነው።

ባሕር ዳር ያለ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ሞልቶ እንዳየው ተጠርቼ ነበር። የተከራዩት 10 ጊጋ ነው። ድረ ገጹ ከነፎቶው 1 ጊጋ አይሞላም። 7 ጊጋው ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሆኖ ተገኘ። ሁለት የባክአፕ ፕለጊኖች (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመሩ ተቀጥላ ፕሮግራሞች) በየሳምንቱ ይሠራሉ፤ አንደኛው የሌላኛውን ባክአፕ ጨምሮ ባክአፕ ያደርጋል። ማንም አላስተዋለም።

በእኔ ልምድ ቦታ የሚበላው ድረ ገጹ ሳይሆን ቅጂው ነው። አፕድራፍትፕላስ የሚባለው የባክአፕ ፕለጊን ባክአፑን ዎርድፕረሱ ውስጥ በራሱ ፎልደር ያስቀምጣል። ኦል ኢን ዋን ማይግሬሽን የሚባለው ፕለጊንም እንደዚያው። ዎርድፕረስን የሚጭንልን ሶፍታኩለስ የራሱ ፎልደር አለው። ሲፓነል ራሱ የሚያዘጋጀው ሙሉ ባክአፕ ደግሞ ከድረ ገጹ ፎልደር ውጭ፣ ሆም በሚባለው የአካውንቱ ዋና ፎልደር ላይ ይቀመጣል። ባክአፕ እዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ መያዝ የቤትን መለዋወጫ ቁልፍ ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደመውጣት ነው፤ ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የቅርቡን አንዱን ወደ ኮምፒውተር አውርዶ፣ ፋይሉ በትክክል መከፈቱን አይቶ፣ ሌላውን መሰረዝ ይቻላል። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ፋይልዚላ የሚባለው የፋይል ማውረጃ ፕሮግራም ይሻላል፤ ኔትወርክ ቢቆረጥ ካቆመበት መቀጠል ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቦታ ሲሞላ ፋይሎቹን ዚፕ ላድርጋቸው የሚል ሐሳብ ይመጣል። ዚፑ ራሱ እስኪሠራ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መሃል ላይ ይከሽፋል። ቢሳካም የጄፔግ ፎቶ በዚፕ እምብዛም አይቀንስም።

ከባክአፕ ቀጥሎ የስህተት መዝገቡ ይመጣል፤ «ኤረር ሎግ» የሚባለው። እንግዳ ማረፊያው ጋ 1 ጊጋ ደርሶ ነበር። ቢሰረዝ ጉዳት የለውም። ግን መጨረሻው ላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ሳያነቡ መሰረዝ ሞኝነት ነው። አንድ የተበላሸ ፕለጊን ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር ያንኑ መስመር እየጻፈ ይሆናል፤ ፕለጊኑ ካልተስተካከለ ፋይሉ እንደገና ያብጣል።

አሁን ወደማይነኩት። ሆም ላይ «ኢቲሲ» የሚባል ፎልደር አለ። አንድ ወዳጄ ስሙን «ወዘተ» ብሎ ተረጎመውና «ወዘተርፈ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ሰረዘው። ፎልደሩ የኢሜይል አካውንቶቹን ዝርዝርና የይለፍ ቃል መረጃ የያዘ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ከኢሜይሉ ወጣ። ደግነቱ ሲሰርዝ ቆሻሻ መጣያውን ዝለል የሚለውን ምርጫ አልነካም፤ ከመጣያው መልሰን አወጣነው። «ሜይል» የሚለው ፎልደርም በእጅ አይነካም፤ መልእክቶቹ ያሉት እዚያ ነው። ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይልንም ምንነቱን ሳያውቁ መተው ነው።

ምንነቱ ያልታወቀ የድረ ገጽ ፎልደር ሲያጋጥም እኔ ስሙን ብቻ እቀይራለሁ። ሳምንት ሙሉ ማንም ካልጮኸ ይሰረዛል። «አሮጌው» የሚል የቀድሞ ድረ ገጽ ከተገኘ ግን ባይቆይ ይመረጣል። ለዓመታት ያልተሻሻለ ዎርድፕረስ ለሰርጎ ገብ የተከፈተ በር ነው።

ኢሜይል ሌላ ጣጣ አለው። ስልኩ ላይ በአይማፕ (ስልኩንና ሰርቨሩን አንድ ዓይነት አድርጎ በሚያቆይ መንገድ) የሚያነብ ሰው ሰርቨሩ ላይ የተሰረዘ መልእክት ከስልኩም ይጠፋበታል። «ስልኬ ላይ አለኝ» ማለት ዋስትና አይሆንም። ሲፓነል የኢሜይል ዲስክ አጠቃቀም የሚያሳይ ገጽ አለው፤ ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩትን ብቻ ለይቶ ለመሰረዝ ያስችላል። ከሆስቲንግ አካውንቱ ጋር አብሮ የሚፈጠረውን፣ ማንም የማይከፍተውን ነባሪ የኢሜይል ሳጥንም ማየት ያስፈልጋል። ስፓምና ሰርቨሩ ራሱ የሚልካቸው ማስታወቂያዎች ሊጠራቀሙበት ይችላሉ።

ፎቶ ላይ ደግሞ ዎርድፕረስ ለጋስ ነው። አንድ ፎቶ ሲጫን ከ150 ፒክስል ጀምሮ በተለያየ መጠን በርካታ ቅጂ ያወጣል። ስለዚህ ፎቶ የሚሰረዘው ከሚዲያ ላይብረሪ ነው፤ ቅጂዎቹ አብረው ይሄዳሉ። ከፋይል ማናጀር ከተሰረዘ ላይብረሪው ውስጥ ባዶ ሳጥን ይቀራል። «አንአታችድ» የሚለውን ማጣሪያ አምኖ መሰረዝም ያስከፍላል። ያልተያያዘ ማለት ሥራ ላይ ያልዋለ ማለት አይደለም፤ ሎጎው ራሱ እዚያ ሊታይ ይችላል። ቪዲዮ ከሆነ ዩቲዩብ ላይ ጭኖ ማያያዝ ይቀላል።

የድረ ገጹ ጽሑፍና አስተያየት የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። የድሮ የጽሑፍ ረቂቆችንና የስፓም አስተያየቶችን ማጽዳት ይቻላል፤ መጀመሪያ ፒኤችፒ ማይአድሚን በሚባለው የዳታቤዝ መሣሪያ ቅጂውን ኤክስፖርት አድርጎ።

አንዳንዴ ጊጋው ተርፎ የፋይል ብዛት ይሞላል። ሆስቲንጎች ይህን «አይኖድ» ይሉታል። «ያልተገደበ ቦታ» የሚል ማስታወቂያ ያላቸውም የሚገድቡት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። እያንዳንዱ ኢሜይል አንድ ፋይል ነው፤ ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ጊዜያዊ ቅጂ የሚያስቀምጠው የካሽ ፕለጊንም በሺዎች ያመርታል። ካሹ ከራሱ ከፕለጊኑ ቢጸዳ ምንም አይጎድልም፣ ተመልሶ ይሠራል።

እንግዳ ማረፊያው አሁን አንድ የባክአፕ ፕለጊን ብቻ አለው። ሁለት ባክአፕ ብቻ እንዲያስቀር ተስተካክሏል፤ እነሱም ጉግል ድራይቭ ላይ ናቸው። ሰርቨሩ ላይ የቀረው 2 ጊጋ ግድም ነው። ግማሹ የማረፊያው ባለቤት የሆኑት ሴት የኢሜይል ሳጥን ነው፤ «ከእንግዶቼ የመጣ አንድም ደብዳቤ እንዳትነኩብኝ» ስላሉ አልነካነውም።