የብሪታንያ አሎትመንት በብርዱ ወራት

በብሪታንያ ከተሞች ከመኖሪያ ቤቶች ጀርባ ወይም በባቡር ሐዲድ ጎን፣ በትንንሽ ቁራሽ የተሸነሸነ የአትክልት ቦታ ማየት የተለመደ ነው። አሎትመንት ይባላል። ነዋሪው አንዱን ቁራሽ በዓመት ኪራይ ይይዝና ለቤቱ የሚሆን አትክልት ያለማበታል። የአንድ ሰው ይዞታ በድሮው ልክ 10 ሮድ ነው፤ ወደ 250 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ዛሬ ግን ግማሹን ብቻ የሚይዙ ብዙ ናቸው። በእንግሊዝና በዌልስ የአሠራሩ መሠረት እ.ኤ.አ. የ1908 ሕግ ሲሆን፣ የ1925ቱ ሕግ ደግሞ ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ለአሎትመንት የያዙትን ቦታ ያለ መንግሥት ፈቃድ እንዳይሸጡ ይከለክላል።

በሞቃቱ ወራት አሎትመንት ላይ ሰው አይጠፋም። መሬቱን ከልቡ የያዘው የሚለየው ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ ነው። ቁራሹን ጦም ያሳደረ ሰው ከአስተዳዳሪዎቹ ማስጠንቀቂያ ሊደርሰው ይችላል። ከዚያ በላይ ግን የሚቀጥለው ዓመት ምርት ግማሹ የሚወሰነው በእነዚህ ወራት ነው።

ብዙ ሰው ዋናው ችግር ብርዱ ይመስለዋል። ከብርዱ ይልቅ እጅ የሚያስረው የብርሃን ማነስ ነው። በዲሴምበር 21 አካባቢ ለንደን ላይ የቀኑ ርዝመት 8 ሰዓት አይሞላም፤ ኤድንብራ ላይ 7 ሰዓት ገደማ ነው። የቀን ብርሃን ከ10 ሰዓት በታች ሲወርድ አብዛኛው አትክልት ማደጉን ያቆማል ማለት ይቻላል። ስለዚህ በጃንዋሪ የሚበላው ሁሉ ብርሃን ሳለ አድጎ የጨረሰ መሆን አለበት። መሬቱ በዚህ ወቅት ጎተራ ነው፤ የሚቀረው ሥራ እየሄዱ ማውጣትና መጠበቅ ነው። ለሠራተኛው ሰው ደግሞ ጊዜውም ያጥራል። ከሥራ ሲወጣ ጨልሟል፤ ያለው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

ብርዱ የሚጠቅማቸው አትክልቶች አሉ። ፓርስኒፕ የሚባለው ካሮት መሰል ነጭ ሥር ውርጭ ሲመታው ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል፤ ስኳሩ ተክሉ በረዶ እንዳይሆን ይከላከልለታል፣ ለበላተኛው ደግሞ ያጣፍጥለታል። ኬል የሚባለው የጎመን ዓይነትና በግንዱ ላይ ትንንሽ ጥቅል ጎመን የሚያፈራው ብራሰልስ ስፕራውትም ብርድ ሲነካቸው ይጣፍጣሉ። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ብርድ ካላገኘ በቅጡ ወደ ፍንካች አይከፋፈልም፤ ለዚህ ነው ብዙዎች ብርዱ ሳይጠነክር የሚተክሉት። በኖቬምበር ተዘርቶ ብርዱን የሚያልፍ ባቄላም አለ።

ማውጣቱ ራሱ ዘዴ ይፈልጋል። መሬቱ ደርቆ በረዶ ሲሆን ሊክን (ረጅም ነጭ ግንድ ያለውን የሽንኩርት ዓይነት) በእጅ ቢጎትቱት ከሥሩ ይበጠሳል። ልምድ ያለው ሰው ኃይለኛ ውርጭ መምጣቱን ሲሰማ ለሳምንት የሚበቃውን ቀድሞ ነቅሎ ለስላሳ አፈር ውስጥ መልሶ ይቀብረዋል። የፓርስኒፕ ቅጠል ስለሚረግፍ፣ ረድፉ የት እንዳለ በእንጨት ምልክት ያላደረገ ሰው በባዶ መሬት ላይ ሲፈልግ ይውላል። ብራሰልስ ስፕራውት ረጅም ስለሆነ ነፋስ ሥሩን ያናጋዋል፤ በእንጨት ታስሮ፣ አፈሩ በእግር ጠበቅ ተደርጎ ነው የሚከርመው። እርግቦች ሌላ የሚበሉት ሲያጡ በጎመን ዓይነቶቹ ላይ ይወርዳሉ። መረብ የግድ ነው። በረዶ ሲጥል ደግሞ መረቡን ማራገፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ክብደቱ ተክሉን ጭምር ይጥለዋል።

እርጥብ አፈር ላይ መርገጥ ግን ከውርጩ የባሰ ጉዳት አለው። አፈሩ ይጠቀጠቅና ብርዱ አልፎ በጸደይ ውሃም አየርም አያሳልፍም። የግድ መግባት ካለ ጣውላ አንጥፎ በላዩ መቆም ነው። መሬቱ ይቆፈር ወይስ ሳይቆፈር ይሸፈን የሚለው የቆየ ክርክር ነው። ቆፋሪዎቹ ከባድ ሸክላማ አፈርን ከብርዱ በፊት ይገለብጡታል፤ ውርጩ ጓሉን ያፈራርስላቸዋል። ሌሎቹ ኮምፖስት ወይም የበሰበሰ ፍግ ከላይ አልብሰው ወደ ታች እንዲቀላቅለው ለምድር ትሉ ይተዉታል። ጊዜው ለጠበበ ሰው ሁለተኛው ይሻላል፤ የብርዱ ወራት ዝናብም አፈሩን አያጥበውም።

ፖምና ፒር ቅጠላቸውን አራግፈው ሳለ ይገረዛሉ። ፕለም ግን በዚህ ወቅት መነካት የለበትም፤ በቁስሉ የሚገባ የፈንገስ በሽታ ይይዘዋል። ቧንቧው በውርጭ እንዳይፈነዳ ብዙ ቦታ ውሃው ስለሚዘጋ፣ የዝናብ በርሜል ያለው ሰው አይቸገርም። በጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ ዘር ድንች ቤት ውስጥ፣ ብርሃን ባለበት ቀዝቃዛ ቦታ፣ በእንቁላል ካርቶን ላይ ተደርድሮ ይጎነቁላል።

ሰው ጸደይ ሲገባ ችግሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሆኖም ባዶው ጊዜ ኤፕሪልና ሜይ ነው። ያከረሙት ሊክና ኬል ያኔ አበባ ያወጣሉ፤ አዲሱ ዘር ገና አልደረሰም። ያንን ክፍተት የሚሞላው በዋናነት ሐምራዊ ብሮኮሊ ነው። እሱም የሚተከለው ባለፈው ጁን ወይም ጁላይ ሲሆን፣ ብርዱን ሁሉ ያለ ምርት ቆሞ፣ መረቡ እየተጠበቀለት ያልፋል።